ጓሮሽ ያለው «ገም ትሪ» ባህር ዛፍ ነው፤ ስለ ፈቃዱ ግን ስሚኝ

እህቴ፣ ሜልበርን የገዛሽው ቤት ጓሮ ውስጥ ያለውን ዛፍ ማስቆረጥ እንደፈለግሽ ጽፈሻል። ወረቀቱ «ገም ትሪ» ይላል፤ የስልክሽ መተርጎሚያ ደግሞ «የድድ ዛፍ» አለሽ፤ «ገም» በእንግሊዝኛ ድድም ሙጫም ነውና። ሳቄን ይቅር በይኝ። የእንጦጦው ባህር ዛፍ ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ1770 ከካፒቴን ኩክ ጋር የመጡት እንግሊዞች ከግንዱ ቀይ ሙጫ ሲወርድ አይተው ነው በሙጫው የጠሩት።

አሜሪካ ያሉ ዘመዶችሽን ግን እንዳታማክሪ። እነሱ ጋ «ስዊት ገም» የሚባል፣ ቅጠሉ ኮከብ የሚመስል፣ እሾሃማ ድቡልቡል ፍሬ የሚያረግፍ ሌላ ዛፍ አለ። ቨርጂኒያ ያለው ያጎቴ ልጅ በስልክ ሲመክረኝ ከርሞ፣ ለካ የምናወራው ስለ ሁለት ዛፍ ኖሯል።

1. ፈቃድ ሳይኖርሽ መጋዝ የያዘ ሰው ግቢሽ እንዳይገባ። እያንዳንዱ ካውንስል፣ ማለትም የአካባቢው ማዘጋጃ ቤት፣ የራሱ ደንብ አለው። ብዙዎቹ የግንዱን ዙሪያ ይለካሉ።

2. ማመልከቻው ላይ «ገም ትሪ» ብቻ ተብሎ እንዳይጻፍ። እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው። የራሴን ዛፍ ላስቆርጥ ብዬ የዛፍ ባለሙያ ቀጠርኩ፣ እዚህ አርቦሪስት ይሉታል። መጣ፣ አንዴ ቀና ብሎ አየ፣ «ትልቅ ገም ትሪ» ብሎ ጻፈ፣ ብሩን ተቀብሎ ሄደ። ይሄ እኮ «ወፍ» ብሎ እንደመጻፍ ነው! ከ700 በላይ ዝርያ አለ። በትክክለኛው አጠራር «ገም» የሚባለው ልጣጩን እየጣለ ግንዱ የሚለሰልሰው ነው። ጥቁርና ሻካራው «አይረንባርክ»፣ ልጣጩ እንደ ቃጫ የሚላጠው «ስትሪንጊባርክ» ነው። ሰው ግን በደፈናው ሁሉንም ገም ይለዋል።

ዝርያው ለምን አስፈለገ ካልሽ፣ ሜልበርን ያለችበት የቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት ሕግ አገር በቀል ብሎ የሚጠብቀው የዚሁ ክፍለ ግዛት ተወላጅ የሆነውን ነው። «ሪቨር ሬድ ገም»፣ ማለትም የኛ ቀይ ባህር ዛፍ፣ እዚሁ የበቀለ ነው። የኔን ግን ቅጠሉን አሸት ሳደርገው ሎሚ ሎሚ አለኝ። ሽቶ ባህር ዛፍ! አገሩ ኩዊንስላንድ የሚባለው ሌላ ክፍለ ግዛት ነው። ለባለሙያው ነግሬዋለሁ፣ ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ።

ካውንስሉ ወረቀቱን መለሰው። መስኮቱ ላይ ያለችው ሴትዮ ደግሞ «እዚህ አገር ዛፍ እንከባከባለን፤ እናንተ ጋ እንዴት እንደሆነ አላውቅም» አትለኝም? ደሜ ፈላ። የናንተ ዛፍ አዲስ አበባን ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ሲያሞቅ የኖረ ነው አልኳት። ማገዶ አልቆ ንጉሡ ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ ሲያስቡ፣ ይሄ ዛፍ ደረሰ። እኔ ራሴ በጉንፋን ቅጠሉን እየታጠንኩ ያደግኩ ነኝ። ምንም ሳትል ወደ ኮምፒዩተሯ ዞረች።

እንደገና ከፍዬ ሌላ ባለሙያ አመጣሁ። እሷ እንኳን ፍሬውን ለቅማ፣ ልጣጩን ፎቶ አንስታ፣ ሙሉ ስሙን ጻፈች፦ ኮሪምቢያ ሲትሪዮዶራ። በፊት ዩካሊፕተስ ይባል ነበር፣ በ1995 ነው የተለየው። ስለዚህ አሮጌ ሰነድ ላይ ሌላ ስም ብታዪ አትደንግጪ። ፈቃዱ ተሰጠኝ፣ በምትኩ ሌላ ዛፍ ትተክላለህ ከሚል ግዴታ ጋር።

3. እስከዚያው ልጆቹ ከሥሩ እንዳይጫወቱ። በበጋ ንፋስ በሌለበት ቀን እንኳን ትልቅ ቅርንጫፍ ሊጥል ይችላል። ከወደቀ ፎቶ አንሽውና ከማመልከቻው ጋር አያይዢው።

ዋጋ ስትነጋገሪ ደግሞ ጉቶው ይካተት። አገር ቤት ቢሆን ጉቶው ሲያቆጠቁጥ ደስ ይለናል፣ አጠና ይወጣዋል። እዚህ ግን ጉቶው በማሽን ካልተፈጨ መልሶ ይበቅልብሻል፤ ማሽኑን በኋላ ለብቻው ስትጠሪ ደግሞ ሂሳቡ ሌላ ነው። ግንዱንም ቆራርጠው እንዲተዉልሽ በጽሑፍ አስይዣቸው። የኔዎቹ ያን የመሰለ ማገዶ ጭነው ወስደው ማስወገጃ ብለው አስከፍለውኛል።