ማህተሙ ማን ጋ ነው?

ልጆቼ፣

በእኔ ወጣትነት «መሀል ሰፋሪ» ስድብ ነበር። በቀይ ሽብር ዘመን ጎንደር ውስጥ መሀል የቆመን ሰው ሁለቱም ወገን ይጠረጥረዋል። ብዙ የሰፈሬ ልጆች በዚያው ቀሩ። ስለዚህ ዕድሜዬ ገፋ ካለ በኋላ «ጽንፍ ይቅር፣ ተነጋግረን እንስማማ» የሚል ፓርቲ እዚህ ቅርንጫፍ ሲከፍት ማንም ሳይጠራኝ ሄድኩ። የሂሳብ ሠራተኛ ነኝና ገንዘብ ያዥ አደረጉኝ።

ፒያሳ አካባቢ አንድ ክፍል ተከራየን። አንድ ጠረጴዛ፣ ስድስት የፕላስቲክ ወንበር፣ አንድ የደረሰኝ ጥራዝ። መዋጮው በወር 5 ብር ነው። ከአዘዞ እየመጣ የሚከፍል አንድ አናጢ ነበር። ደረሰኙን አራት ቦታ አጥፎ ደረት ኪሱ ይከታል፤ ከዚያ ኪሱን መታ መታ ያደርጋል።

1997 መጣ። ሰው ጎረፈ። ክፍሉ አልበቃ ብሎን በረንዳ ላይ ተሰበሰብን። እኛም ሞቅ አለን። «አሁን ማን 5 ብር ይቆጥራል?» ተባለ፤ እኔም ደረሰኝ መቁረጥ ተውኩ። ከመጣው ሰው አብዛኛው መንግሥትን ጠልቶ የመጣ ነበር። እኛ ግን የራሳችን አድርገን ቆጠርነው።

ከግንቦት 7 ምርጫ በኋላ ተኩስ መጣ፣ እስር መጣ፣ ፍርሃት መጣ። ጫናው ሰበረን ብል አልዋሸሁም። ግን የቀረነው ጥቂቶች ስንጣላ ስለ መሬት ፖሊሲ አልተከራከርንም፣ ስለ ኑሮ ውድነትም አላነሳንም። «ማህተሙ ማን ጋ ነው?» ነበር ጠባችን። አንዱ ወገን ማህተሙን ቤቱ ወሰደው። ሌላው አዲስ አስቀረጸ። በአንድ ስም ሁለት ደብዳቤ ወጣ። አናጢው ሁለቱንም አነበበና «የኔ የትኛው ነው?» አለኝ። መልስ አጣሁ። ከዚያ ወዲህ አልመጣም።

በ2002 ምርጫ ከ547 የፓርላማ መቀመጫ ተቃዋሚው ያገኘው አንድ ነው። በ2007 ያቺም ቀረች።

አሁን አንዳንዶቻችሁ «ፓርቲ እንመሥርት» ትሉኛላችሁ። ደስ ይለኛል፣ ዛሬም መሀል መቆም እንደሚያስፈራ እያወቅሁ። የ2011 አዋጅ ለአገር አቀፍ ፓርቲ 10,000፣ ለክልል ፓርቲ 4,000 መሥራች አባላት ይጠይቃል። ቁጥሩ አያስደንግጣችሁ፤ ፊርማ በዘመቻ ይሰበሰባል። የሚከብደው በሰባተኛው ወር ማን ከፈለ፣ ማን ቀረ ብሎ መዝገብ ማየት፣ የቀረውንም ቤቱ ድረስ ሄዶ «ምን አስቀየምንህ?» ማለት ነው። ደግሞ አደራ፣ መተዳደሪያ ደንባችሁን ሳትጣሉ ጻፉት። ሊቀመንበሩ ሲሸነፍ ማህተሙን በስንት ቀን፣ ለማን፣ በማን ፊት ያስረክባል? ይህን አንቀጽ ከፕሮግራሙ አስቀድሙት።

የደረሰኝ ጥራዙ አሁንም ቤቴ አለ። የመጨረሻው ቀሪ የመጋቢት 1997 ነው፣ የአናጢው ስም አለበት። ከእሱ ወዲያ ያሉት ቅጠሎች ባዶ ናቸው።