ቆሞ የሚነበብ ጽሑፍ በላቴክ፦ ጥያቄና መልስ

ሐዋሳ ውስጥ አንድ ካፌ ግድግዳ ላይ ያየሁትን ፖስተር በላቴክ (ሰነድን በትእዛዝ እየጻፉ የሚያዘጋጁበት ሶፍትዌር) ልቅዳው ብዬ ሁለት ምሽት ፈጀብኝ። በግራ ጠርዙ «ሐይቅ» የሚለው ቃል በትልቁ ከታች ወደ ላይ ቆሟል፤ በቀኙ ስለ አሞራ ገደል ዓሣ የሚያወሩ ሦስት አጫጭር መስመሮች ተጋድመዋል። ያስቸገራችሁን ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጽሑፍ የሚያዞረው ትእዛዝ የትኛው ነው?

መልስ፦ ግራፊክ-ኤክስ የተባለውን ፓኬጅ (የላቴክ ተጨማሪ መሣሪያ) ጥራና ሮቴትቦክስ የሚለውን ትእዛዝ ተጠቀም። 90 ዲግሪ ስትሰጠው ከታች ወደ ላይ ይነበባል፤ የመቀነስ ምልክት ብትጨምርበት ከላይ ወደ ታች።

ጥያቄ፦ ዞሮልኛል፤ ከገጹ ጠርዝ ጋር ግን አልገጥም አለኝ።

መልስ፦ እኔም ሁለቱን ምሽት የጨረስኩት እዚሁ ላይ ነው። ማዞሩ ቀላል ነው፤ ጣጣው ሚስማሩን የትኛው ጥግ ላይ እንደመታህ ነው። ለጠርዝ ሥራ ቲክዝ የተባለውን የስዕል ፓኬጅ ያዝ። እዚያ ጽሑፉ የሚዞረው አንከር (መያዣ) ባልከው ነጥብ ዙሪያ ሲሆን የጥጎቹም ስም አብሮ ይዞራል። የቃሉ ላይኛ ግራ ጥግ፣ ማለትም ኖርዝ ዌስት፣ በ90 ዲግሪ ሲዞር ታችኛ ግራ ይሆናል። ስለዚህ «ሐይቅ»ን በኖርዝ ዌስት ይዤ ከገጹ ሳውዝ ዌስት፣ ማለትም ከታችኛው ግራ ጥግ፣ ጋር አገናኘሁት። ያም ሆኖ ከጠርዙ ትንሽ ይርቅ ነበር፤ ለካ ቲክዝ በጽሑፉ ዙሪያ ሳይጠየቅ ክፍተት ይተዋል። ክፍተቱን የሚወስነውን ኢነር ሴፕን ዜሮ ሳደርገው ተጠጋ።

ጥያቄ፦ እኔ ዘንድ ጭራሽ ሌላ ቦታ ሄዶ ተቀመጠ።

መልስ፦ ጽሑፉን ከገጹ ጥግ ጋር ለማገናኘት የሚያስፈልጉትን የቲክዝ አማራጮች፣ ሪሜምበር ፒክቸርና ኦቨርሌይ፣ ጽፈሻል? ከጻፍሽ ፋይሉን ሁለት ጊዜ አስኪጂው። የመጀመሪያው ዙር ቦታውን መዝግቦ ያስቀምጣል፤ የሚጠቀምበት ሁለተኛው ነው።

ጥያቄ፦ የአማርኛው ፊደል አይወጣልኝም።

መልስ፦ ዚላቴክ ወይም ሉዋላቴክ በተባለው የላቴክ ዓይነት አስኪደው፤ ፎንትስፔክ በተባለው ፓኬጅ ደግሞ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባለውን ፎንት ጥራ።

ጥያቄ፦ ፊደሎቹ ሳይዞሩ አንዱ ከአንዱ በታች እንዲሆኑ ብፈልግስ?

መልስ፦ እሱ መደርደር እንጂ ማዞር አይደለም፤ ሾርትስታክ የሚለው ትእዛዝ ይበቃዎታል። እንዲያውም እያንዳንዱ ፊደላችን ራሱን ችሎ ስለሚነበብ፣ ለአጭር ቃል ከማዞሩ ይልቅ ይህ ያምረኛል። ረጅም ስም ከሆነ ግን እንደ ጭስ ማውጫ ይረዝማል።

ጥያቄ፦ ይህ ሁሉ ድካም ለምን? በስዕል ሶፍትዌር በአይጥ ጎትቶ ማዞር አይቀልም?

መልስ፦ ለአንድ ፖስተር ይቀላል፤ አልከራከርም። አርባ ሰርተፊኬት ላይ አርባ ስም በጎን ማቆም ሲመጣ ግን፣ እኔ የስም ዝርዝሩን ለላቴክ ሰጥቼ ቡናዬን እጠጣለሁ።