መጋዙ አጥንት ሲያቃጥል፣ መሮው ሲሰነጥቅ፦ ስለ እግር ቀዶ ሕክምና መሣሪያዎች አያያዝ

ጥያቄው የደረሰኝ በአንድ የክልል ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ክፍል ከሚሠሩ ሲስተር ነው። የአጥንት ሐኪማቸው የእግራቸው አውራ ጣት መጋጠሚያ አብጦ ጣቱ ወደ ጎን የዞረባቸውን ሰዎች፣ እንዲሁም ቆልማማ እግራቸው በልጅነታቸው ሳይታከም የቀረ ልጆችን አጥንት ቆርጠው ያስተካክላሉ። ሲስተር የነገሩኝ ችግር ይህ ነው፦ የኤሌክትሪክ መጋዙ አጥንት ሲቆርጥ ያጨሳል፣ የተቆረጠውም ጠርዝ ቡናማ ይሆናል፤ ጠባቡ የአጥንት መሮ አጥንቱን ከመቁረጥ ይልቅ ይሰነጥቀዋል፤ ከተገዛ ዓመት ያልሞላው የመሣሪያ ስብስብ ላይም ቡናማ ነጠብጣብ መውጣት ጀምሯል። መሣሪያዎቹ ከቀዶ ሕክምና በኋላ በረኪና ውስጥ ይዘፈዘፋሉ፣ ይታጠባሉ፣ ከዚያም በግፊት እንፋሎት ተህዋስያንን ወደሚገድለው ማሽን፣ ወደ አውቶክሌቭ፣ ይገባሉ። አንድ ባልደረባቸው መሮዎቹን ጋራዥ ወስዶ በግራይንደር ለማሳል ሐሳብ አቅርቧል፤ እርሳቸው ግን ልባቸው አልፈቀደም።

ሲስተር፣ ልብዎ አለመፍቀዱ ትክክል ነው፤ መሮዎቹ ወደ ጋራዥ መሄድ የለባቸውም። ለምን እንደሆነ ከማስረዳቴ በፊት ግን ስለ በረኪናው ባልዲ መናገር አለብኝ፤ የሕክምና መሣሪያ በመጠገን ባሳለፍኳቸው ዓመታት «ብረቱ ርካሽ ነው» ተብለው ከመጡልኝ መሮዎች ብዙዎቹ ስለታቸውን ያጡት ባልዲ ውስጥ ነበር።

መሣሪያን ከመታጠቡ በፊት በረኪና ተበጥብጦ በሚዘጋጅ 0.5 በመቶ ክሎሪን ውስጥ ለ10 ደቂቃ መዘፍዘፍ ብዙዎቻችን ተምረን ያደግንበት አሠራር ነው። ዓላማውም ክቡር ነበር፤ የሚያጥበውን ሠራተኛ ከኤችአይቪና ከጉበት ቫይረስ መጠበቅ ነው። ይሁን እንጂ ደምና የአጥንት ፍርፋሪ ባለበት ክሎሪኑ ኃይሉን ያጣል፤ ብረቱን ግን መብላቱን አያቆምም። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ መሣሪያን ከማጠብ በፊት በክሎሪንም ሆነ በሌላ ፀረ ተህዋስያን መዘፍዘፍን እንደማይመክር አስፍሯል። በዚያ ላይ 10 ደቂቃ የተባለው በተግባር 10 ደቂቃ ሆኖ አይቀርም፤ ድንገተኛ ታካሚ ሲመጣ ባልዲው ይረሳና መሣሪያው እዚያው ያድራል።

መሮ ከሌሎቹ መሣሪያዎች ቀድሞ የሚጎዳበት ምክንያት አለው። ስለቱን ይዞ እንዲቆይ የሚሠራው በእሳት ተጠንክሮ ከወጣ፣ ካርቦኑ ከፍ ካለ የማይዝግ ብረት ነው፤ ይህ ብረት አጥንት ውስጥ ከሚቀሩት ስክሩና ፕሌት ብረት ጋር ሲነጻጸር ጥንካሬው ይበልጣል፣ ዝገት የመቋቋም አቅሙ ግን ያንሳል። ክሎሪን የብረቱን ገጽ እኩል አይበላም፤ እንደ መርፌ ጫፍ የጠበቡ ጉድጓዶችን እየቆፈረ ይገባል፤ እነዚህ ጉድጓዶች የስለቱ ጠርዝ ላይ ሲያርፉ ጠርዙ የመጋዝ ጥርስ ይመስላል። እንዲህ ያለ መሮ በመዶሻ ሲመታ አጥንቱን እንደ ሽብልቅ ገፍቶ ይሰነጥቀዋል። በትልቁ የጭን አጥንት ላይ ጉዳቱ ላይታወቅ ይችላል፤ የልጅ እግር መሐል ላይ ያለች ትንሽ አጥንት ላይ፣ ጥቂት ሚሊሜትር ስፋት ያላት ሽብልቅ ቅርጽ ሲወጣ፣ ስንጥቁ ወደ መጋጠሚያው ዘልቆ ይገባል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ሌላም ነገር አለ። በቀዶ ሕክምናው መካከል መሣሪያውን የሚጠርጉበት ኖርማል ሳላይን የጨው ውሃ ነው፤ መሮው ላይ ሲደርቅ ያንኑ ጉድጓድ ይቆፍራል። ሳላይኑን ለቁስሉ ይተዉት፤ መሣሪያውን የሚጠርጉበት ጨርቅ በስቴራይል ንጹሕ ውሃ የራሰ ይሁን።

ስለዚህ የምመክርዎ አካሄድ እንዲህ ነው። ቀዶ ሕክምናው እንዳለቀ መሣሪያው ላይ ያለው ደም ሳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍነው ክዳን ባለው ዕቃ ወደ ማጠቢያው ያድርሱት። የሚያጥበው ሰው ወፍራም ጓንት፣ ውሃ የማያስገባ ሽርጥና የዓይን መከላከያ ያድርግ፤ ለብረት በተዘጋጀ ማጠቢያ፣ በለስላሳ ብሩሽ፣ መሣሪያውን ውሃ ውስጥ እንዳጠለቀ ይፈትገው፤ ውሃው ፍንጣሪውን ስለሚይዝ ሠራተኛውን ከባልዲው በረኪና በተሻለ የሚጠብቀው ይህ ነው። የብረት ሽቦ መፈተጊያ ፈጽሞ አይግባ። የመጨረሻው ማለቅለቂያ ማዕድኑ የወጣለት ውሃ ቢሆን በጣም ጥሩ ነው፤ ብዙ ቦታ የጉድጓድ ውሃ ጨውና ኖራ ስላለበት፣ በደንብ የታጠበ መሣሪያ እንኳ አውቶክሌቭ ውስጥ ነጠብጣብ ያወጣል። ከዚያ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። አውቶክሌቩ እንፋሎቱ ሁሉም ጋ ከደረሰ በኋላ በ121 ዲግሪ 15 ደቂቃ ወይም በ134 ዲግሪ 3 ደቂቃ ቢያንስ ይፈልጋል፤ የማሽናችሁ አምራች ከዚህ የበለጠ ካዘዘ የእርሱን ይከተሉ። ጥቅሉ እርጥብ ሆኖ ከወጣ ወደ መደርደሪያ አይግባ፤ ለንጽሕናውም ለብረቱም አይሆንም።

አሁን የወጣው ቡናማ ነጠብጣብ ዝገት ነው ወይስ እድፍ? ይህን ለመለየት የሚያስፈልግዎ የተማሪ ላጲስ ብቻ ነው። ነጠብጣቡን በላጲስ ጠንከር አድርገው ይሹት። ከለቀቀና ከሥሩ ያለው ብረት ለስላሳና የሚያበራ ከሆነ እድፍ ነበር፤ ምንጩ ውሃው ወይም ማጠቢያው ነው፣ መሣሪያውም ደህና ነው። ከለቀቀ በኋላ ጥቁር ነጥብ ከቀረና በአጉሊ መነጽር ሲያዩት ጉድጓድ ከሆነ ግን ብረቱ ተበልቷል። እንዲህ ያለውን ዛሬውኑ ከስብስቡ ያውጡት፤ ዝገቱ በአንድ ትሪ አብረውት ወደሚገቡት ስለሚተላለፍ የአንዱ ጥፋት ለሁሉም ይደርሳል።

ወደ ግራይንደሩ ልመለስ። በወጣትነቴ፣ ሥራውን ገና ስጀምር፣ የአንድ ሆስፒታል አምስት መሮዎች በጋራዥ ግራይንደር ተስለው ከተበላሹ በኋላ ወደ እኔ መጥተው ነበር። ሁሉም ያብረቀርቁ ነበር፤ ጠርዛቸው ላይ ግን እንደ ገለባ የቀላ ቢጫ፣ ከእርሱም ጫፍ ላይ ሰማያዊ ቀለም ይታይ ነበር። ያ ቀለም ብረቱ ከሚገባው በላይ መጋሉን ይናገራል፤ በፋብሪካ የተሰጠው ጥንካሬ ከዚያ ጠርዝ ሄዷል፣ ተመልሶም አይመጣም። ከአምስቱ አንዱን እንኳ ማዳን አልቻልኩም። ሌላው ጉዳት ደግሞ በዓይን አይታይም፦ ያ ድንጋይ ጠዋት የበር ማጠፊያ ሲሞረድበት የዋለ ነው፤ የተራ ብረት ብናኝ በመሮው ላይ ተለጥፎ ይቀርና ከመጀመሪያው አውቶክሌቭ በኋላ ይዝጋል።

መሮ የሚሳለው በእጅ፣ በጠፍጣፋ ደቃቅ የመሳያ ድንጋይ፣ ድንጋዩ ውሃ ወይም ዘይት ጠጥቶ ነው። የመሮው ጠርዝ ከሁለቱም ወገን ያዘነበለ ነው፤ ከአንድ ወገን ብቻ ያዘነበለው ሌላ መሣሪያ ስለሆነ ሁለቱን በአንድ ዓይነት አይሳሉ። ያዘነበለውን ገጽ ሙሉ በሙሉ ድንጋዩ ላይ አስተኝተው፣ አንግሉን ሳይቀይሩ፣ ከሁለቱም ወገን እኩል ቁጥር ይግፉ። ለማቅጠን ብለው ቀና ካደረጉት ስለቱ ይዶለዱማል፤ ከልክ በላይ ካቀጠኑት ደግሞ በመዶሻ ሲመታ ይሸረፋል። መሳሉ መድረሱን የሚያውቁት በመብራት ሥር ነው፦ ጠርዙን ወደ ዓይንዎ አቅንተው ያዙት፤ የደነዘ ጠርዝ ብርሃን ስለሚመልስ እንደ ነጭ ክር ይታያል፣ የተሳለ ጠርዝ ግን ምንም አይታይም። በክሩ መሐል ተነጥሎ የሚያበራ ነጥብ ካለ እዚያ ቦታ ላይ ሸራፋ አለ። ሸራፋው ጠለቅ ያለ ከሆነ ወይም ሰማያዊ ቀለም ካዩ በእጅ አይዳንም፤ ለአምራቹ ወኪል ወይም የቀዶ ሕክምና መሣሪያ ለሚስል ባለሙያ ይላክ፣ ካልሆነም ይወገድ።

መጋዙ ሌላ ጉዳይ ነው። የብሌዱን ማሸጊያ ያውጡና ይመልከቱ፤ በክብ ውስጥ የተጻፈ 2 ቁጥር በሰያፍ መስመር ተሰርዞ ካዩ፣ ብሌዱ ለአንድ ጊዜ ብቻ የተሠራ ነው ማለት ነው። በብዙ ቦታ በበጀት እጥረት ተቀቅሎ ደጋግሞ እንደሚሠራበት አውቃለሁ፤ ጭሱ ግን በአመዛኙ ከዚያ ይመጣል። ጥርሱ የሞተ ብሌድ አጥንቱን መቁረጡን ትቶ ይፈትገዋል፣ ሐኪሙም ይበልጥ ይጫነዋል፣ ግለቱም ይጨምራል። አጥንት በ47 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ1 ደቂቃ ከቆየ ሕዋሳቱ መሞት ይጀምራሉ፤ የሰውነታችን ሙቀት 37 መሆኑን ሲያስቡ ያለን ክፍተት 10 ዲግሪ ብቻ ነው። ቡናማው ጠርዝ የተቃጠለ አጥንት ነው፤ የተቃጠለ አጥንት ከተቃጠለ አጥንት ጋር ሲጋጠም መያያዙ ይዘገያል፣ አንዳንዴም ጨርሶ አይያያዝም።

አዲስ ብሌድ ቢገባም ውሃው ካልፈሰሰ ያው ነው። ረዳቱ ቀዝቃዛ ሳላይን በሲሪንጅ ብሌዱ አጥንት ውስጥ በሚገባበት ነጥብ ላይ ያለማቋረጥ ያፍስስ፤ ቁስሉ ላይ በአጠቃላይ ማርከፍከፍ ብሌዱን አያቀዘቅዝም። ሐኪሙም ሳይጫኑ፣ አሥር ለማይሞላ ሰከንድ ቆርጠው ብሌዱን አውጥተው ውሃ እያስገቡ ቢቀጥሉ ለውጡን ራሳቸው ያዩታል።

መጋዙን ራሱንም ይፈትሹ። ብሌዱን ካሰሩ በኋላ ጫፉን በጣትዎ ወደ ላይና ወደ ታች ያነቃንቁት፤ ከተነቃነቀ መያዣው አልቋል። ይህ በእግር ላይ ከሌላው ቦታ ይልቅ የሚያሳስብ ነው። 0.5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ብሌድ በትክክል ከተያዘ ከዚያ ትንሽ የሚበልጥ አጥንት ዱቄት አድርጎ ያወጣል፤ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ግን መስመሩ ይሰፋል፣ ሁለት ጊዜ ሲያልፍ ደግሞ አጥንቱ ያጥራል። የአውራ ጣቱ ረጅም አጥንት ሲያጥር ሸክሙ ወደ ሁለተኛው ጣት ሥር ይዞራል፤ ታካሚው አንዱን ሕመም ጥሎ ሌላ ይዞ ይወጣል። ለመለካት ደረቅ የእንጨት ቁራጭ በወርክሾፕ ያስቆርጡና የመስመሩን ስፋት በካሊፐር ይለኩ፤ ከብሌዱ ውፍረት ሁለት እጥፍ ከደረሰ መጋዙ ጥገና ይፈልጋል። ከሙከራው በኋላ መጋዙ እንደገና ታጥቦ አውቶክሌቭ ይግባ። ሞተሩ ያለበትን እጀታ ውሃ ውስጥ አይንከሩ፣ የልብስ ስፌት ዘይትም አይቀቡት፤ ተራ ዘይት እንፋሎት ስለማያሳልፍ ከሥሩ ያለው ተህዋስ አይሞትም። ለሕክምና መሣሪያ የተሠራውን፣ በውሃ የሚሟሟውን ቅባት ይጠቀሙ።

ስለ ኬ-ዋየር፣ የተቆረጠውን አጥንት ይዞ ለማቆየት ስለሚገባው ቀጭን የብረት ዘንግ፣ የምለው አጭር ነው፦ አንድ ሰው ውስጥ ገብቶ የወጣ ወይም የታጠፈ ዋየር ቀጥ ተደርጎ ለሌላ ሰው አይግባ። ጫፉ ስለደነዘ አጥንቱን ያቃጥላል፣ የታጠፈበት ቦታም ደክሟልና ይሰበራል።

ሐኪሙ ቁስሉን ከመዝጋታቸው በፊት የእያንዳንዱን መሮና ዋየር ጫፍ በመብራቱ ሥር አንድ በአንድ ይመልከቱ። በመጀመሪያ ያልነበረ ሸራፋ ካገኙ ጮክ ብለው ይናገሩ፤ የጎደለችው ቁራጭ እስክትገኝ ወይም በኤክስሬይ እስክትታይ ድረስ ቁስሉ አይዘጋም። ያ መሮም ተመልሶ ወደ ትሪው አይገባም፤ ቀይ ፕላስተር ታስሮበት፣ ቀኑ ተጽፎበት፣ ወደ ጥገና ክፍል ይሂድ።