ባንድ ጆሮዬ ብቻ መስማት አቃተኝ፤ የነርቭ እጢ ነው ተባልኩ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። 44 ዓመቴ ነው፤ ድሬዳዋ ሳቢያን ነው የምኖረው፣ ባጃጅ እነዳለሁ። ግራ ጆሮዬ መጮህ ከጀመረ ዓመት አለፈው። ስልክ በግራ ጆሮዬ ስይዝ ድምፁ ይመጣል፣ የሚባለው ግን አይገባኝም። ኩክ ነው ተብዬ ታጠብኩ፣ ጠብታም ተሰጠኝ፤ ለውጥ የለም። በመጨረሻ አዲስ አበባ ኤምአርአይ ተነሥቼ 14 ሚሊሜትር የሆነ የጆሮ ነርቭ እጢ አለ ተባልኩ። ካንሰር ነው? አሁኑኑ ኦፕራሲዮን ልደረግ?

መልስ፦ ካንሰር አይደለም፤ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍልም አይሠራጭም። በሪፖርቱ ላይ ቬስቲቡላር ሽዋኖማ ወይም አኮስቲክ ኒውሮማ ተብሎ ተጽፎ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም አንድ ናቸው። የሚነሣው የሚዛን ነርቭን ከሚሸፍኑት ሴሎች ነው። በምችም በጫትም አይመጣም። ችግሩ የበቀለበት ቦታ ነው፦ የመስሚያ፣ የሚዛንና ፊትን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ተጠጋግተው በአንድ ጠባብ የአጥንት ቱቦ ውስጥ ያልፋሉ። እጢው ሲያድግ ከቱቦው ወጥቶ ወደ አንጎል ግንድ ይጠጋል።

«ድምፁ ይመጣል፣ ቃሉ አይገባኝም» ያሉት ትልቅ ፍንጭ ነው። የሞተር ጩኸት መስማትን ሲጎዳ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ጆሮ ነው። ባንድ ወገን ብቻ የቀነሰ መስማት፣ የጆሮው ታምቡር ጤነኛ ሆኖ ሲገኝ፣ በጠብታ መታለፍ የለበትም። 512 ኸርዝ የሚባለውን፣ ሲመታ የሚጮኸውን የሐኪም የብረት ሹካ አንኳኩቶ ግንባር መሐል ማስቀመጥ ብቻ ብዙ ይናገራል፦ ጉዳቱ የነርቭ ከሆነ ድምፁ ወደ ደህናው ጆሮ ይሄዳል፤ ኩክ ከሆነ ወደታመመው። ቀጥሎ ኦዲዮሜትሪ (የመስማት ምርመራ)፣ ከዚያም ኮንትራስት (ምስሉን የሚያጎላ መድኃኒት) ተሰጥቶ የውስጥ ጆሮ ቱቦን በስስ ቁራጭ የሚያሳይ ኤምአርአይ ይታዘዛል። ሲቲ ስካን ትንንሽ እጢዎችን ሊያልፋቸው ስለሚችል «ሲቲው ነጻ ነው» መባል አያስተማምንም።

አሁኑኑ ኦፕራሲዮን? በ14 ሚሊሜትር፣ አንጎል ግንድ ካልተጫነ፣ መቸኮል አያስፈልግም። ብዙዎቹ እጢዎች ለዓመታት አያድጉም፤ የሚያድጉትም አብዛኞቹ በዓመት 1 ወይም 2 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ ከ6 ወር በኋላ ኤምአርአዩን መድገም፣ ከዚያ በየዓመቱ ማየት ራሱን የቻለ የሕክምና መንገድ ነው። የኤምአርአይ ምስሉ ያለበትን ሲዲ ይያዙ፤ የተጻፈው ወረቀት ብቻውን አይበቃም፣ ሐኪሙ አሮጌና አዲሱን ምስል ጎን ለጎን አድርጎ መለካት አለበት። 14 ሚሊሜትሩ ቱቦው ውስጥ ያለውን ክፍል ይጨምር እንደሆነም ይጠይቁ፤ አንዱ ጨምሮ ሌላው ሳይጨምር ከለካ ያላደገ እጢ ያደገ ይመስላል። ደግሞም እጢው ሳያድግ መስማት ሊቀንስ ስለሚችል ኦዲዮሜትሪውም አብሮ ይደገም።

ካደገ ምርጫው ሁለት ነው። አንደኛው በአንድ ቀን የሚሰጥ የተነጣጠረ ጨረር ነው፤ መጠኑ ከ12 እስከ 13 ግሬይ (የጨረር መለኪያ) ሲሆን ከ3 ሴንቲሜትር በታች ለሆኑት ያገለግላል። እጢውን አያወጣም፣ እድገቱን ያቆማል፤ ከ10 ሰዎች ከ9 በላይ በሆኑት ይሳካል። ከጨረሩ በኋላ ባሉት ወራት እጢው ለጊዜው ሊያብጥ ይችላል፤ ያንን አይቶ አልሠራም ብሎ መደምደም ስሕተት ነው።

ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ነው። በጆሮ አጥንት በኩል ከተገባ የዚያ ጆሮ መስማት ሙሉ በሙሉ ይጠፋል፤ ከጆሮ ኋላ ከተገባ ሊተርፍ ይችላል፣ ዋስትና ግን የለም። ከባዱ ሥራ የፊትን ነርቭ ከእጢው ላይ መላጥ ነው፤ እጢው ሲተልቅ ነርቩ ተለጥጦ እንደ ወረቀት ስለሚሳሳ ፊት ሊጣመም፣ ዐይን አልከደን ሊል ይችላል። እንዲህ ከሆነ ዐይኑ እንዳይቆስል ቀን ጠብታ፣ ማታ ቅባት ያስፈልገዋል። ከቀዶው በኋላ ሲያጎነብሱ ከአፍንጫ ንጹሕ ውኃ ከፈሰሰ የአንጎል ፈሳሽ ሊሆን ይችላል፤ ማጅራት ገትር ስለሚያስከትል በዚያው ቀን ይታዩ። ቀዶ ሐኪሙን ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ እንዲህ ያለ እጢ ስንት ሠርተዋል? በቀዶው ወቅት የፊት ነርቭ መከታተያ መሣሪያ ይጠቀማሉ? ሪፈር ከድል ጮራ ወይም ከሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል አጽፈው አዲስ አበባ የነርቭ ቀዶ ሕክምና ክፍል መቅረብ ይችላሉ።

ስለ ሥራዎ፦ ባንድ ጆሮ የሚሰማ ሰው ድምፅ ከየት እንደመጣ አይለይም፤ ከግራ የተነፋ ክላክስ ከቀኝ ይመስልዎታል። በሁለቱም ስፖኪዮ ይተማመኑ፤ ማዞር ካለ ግን ጭራሽ አይንዱ። የማዞር ክኒን ለወራት መዋጥ አንጎል ሚዛኑን መልሶ እንዳይለምድ ያዘገያል፤ የሚዛን ስፖርት ይሻላል።

ሁለቱም ጆሮ ከተያዙ፣ ወይም በቤተሰብ ተመሳሳይ እጢ ካለ፣ በዘር የሚተላለፈው ኤንኤፍ2 የተባለ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪሙ ይንገሩ። ጆሮዎ በድንገት ከደነቆረ ቀናት ሳያልፉ ይሂዱ፤ ለዚህ የሚሰጠው ስቴሮይድ የተባለ መድኃኒት የሚጠቅመው ቶሎ ሲጀመር ነው። ጠዋት ጠዋት የሚብስ ራስ ምታት ከማስታወክ ጋር፣ ነገር ሁለት ሆኖ መታየት፣ የፊት መደንዘዝ፣ ምግብ ሲውጡ ትን ማለት ወይም እየባሰ የሚሄድ መንገዳገድ ካለ ግን የ6 ወሩን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።