ጄሪካኑን ይክፈቱት፤ አቼቶ አየር ይፈልጋል

የዛሬው ጥያቄ የመጣው ከአለታ ጩኮ ነው። ጠያቂዋ አናናስ አምርተው ሐዋሳ ገበያ የሚሸጡ እናት ናቸው። እንዲህ ይላሉ፦ «ሳይሸጥ የተመለሰውንና የተጨፈለቀውን አናናስ ከነልጣጩ ከትፌ፣ ውሃና ስኳር ጨምሬ፣ አቼቶ እንዲሆንልኝ 20 ሊትር ጄሪካን ውስጥ ከደንኩት። ጄሪካኑ አብጦ ሊፈነዳ ደረሰ። ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነው፤ ጠጅ ጠጅ ይሸታል እንጂ አልኮመጠጠም። ምን አጥፍቼ ነው? ለዶሮ መድኃኒት ነው የሚሉትስ እውነት ነው?»

እህቴ፣ የተበላሸ ነገር የለም። ሥራዎ ግማሽ መንገድ ላይ ነው የቆመው።

አቼቶ ሁለት ሥራ አለው። የመጀመሪያው የእርሾ ሥራ ነው። እርሾ ስኳሩን ወደ አልኮል ይለውጣል፤ ጋዝም ያወጣል። ጄሪካኑን ያሳበጠው እሱ ነው። ጠጅ የሚጥል ሰው ይህን ያውቀዋል። ሁለተኛው ሥራ የባክቴሪያዎች ነው። እነሱ አልኮሉን ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ ያለ አየር ግን ምንም አይሠሩም። ክዳኑ ላልቶ የቆየ ጠጅ የሚኮመጥጥባችሁ በነሱ ነው። ጠጅ ጣይ የሚሸሻቸውን እኛ ደጅ ከፍተን እናስገባቸዋለን። እርስዎ ክዳኑን ጥርቅም አድርገው ዘጉባቸው፤ ስህተቱ ይሄ ብቻ ነው።

ስለዚህ ዛሬውኑ ክዳኑን ቀስ ብለው፣ ፊትዎን ዘወር አድርገው ያላሉት። ጋዙ ከወጣ በኋላ ፈሳሹን አጥልለው አፉ ሰፊ ወደሆነ የምግብ ፕላስቲክ ባልዲ ወይም ብርጭቆ ዕቃ ይገልብጡት። የጄሪካን አፍ ጠባብ ስለሆነ አየሩ አይበቃውም። ዕቃውን እስከ አፉ አይሙሉት። ንጹህ የነጠላ ቁራጭ ሸፍነው በላስቲክ ይሰሩት፤ አለበለዚያ የፍራፍሬ ትንኝ ይወርሰዋል። ፀሐይ የማያገኘው ሞቅ ያለ ቦታ ያስቀምጡት። ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ቢያገኝ ደስ ይለዋል። ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት ወቅት ጓዳው ይሻላል። አሉሚኒየም፣ መዳብና ብረት ግን አይንካው፤ አሲዱ ብረቱን እየበላ ወደ ምግብዎ ያመጣዋል።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ፦ ጄሪካኑ ቀድሞ ምን ነበረበት? የፀረ ተባይ ኬሚካል ወይም ነዳጅ ከነበረ፣ ቢታጠብም አይሆንም። ሁሉንም ይድፉት። ያሳዝናል፣ ግን ይድፉት።

ለሚቀጥለው ጊዜ ከመጀመሪያው ልንገርዎ። የበሰለ አናናስ 2 ኪሎ ያህል ይጠቡና ከነልጣጩ ይክተፉ። የበሰበሰና የሻገተውን ቆርጠው ይጣሉ። መጨፍለቁ ችግር የለውም፤ ሻጋታ ነው የማይሆነው። 3 ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃና 300 ግራም ያህል ስኳር ይጨምሩ። በስኳሩ አይሰስቱ። ስኳር ካነሰ አልኮሉ ያንሳል፣ አልኮሉ ካነሰ ደግሞ አቼቶው ውሃ ውሃ ይላል። ግማሽ የሻይ ማንኪያ የዳቦ እርሾ ይነስንሱና ክዳኑን ላላ አድርገው ይተዉት። በየቀኑ ያማስሉት። ሳምንት ገደማ ሲሆነው አረፋው ይበርዳል። ያኔ አጥልለው፣ ልክ አሁን እንዳልኩዎት በጨርቅ ሸፍነው ያስቀምጡት።

ከሱቅ የሚገዛ አቼቶ ለጥንስስ አይረዳም። አብዛኛው የተጣራና የሞቀ ስለሆነ ሕይወት የለውም። ከዚህኛው ሲደርስልዎ ግን ሩቡን ያህል ለሚቀጥለው ያስቀሩ። ልክ እንደ እንጀራ እርሾ ነው፤ ቀጣዩን ያፈጥነዋል።

ከላይ እንደ ጄሊ የሚያዳልጥ ሽፋን ቢይዝ ደስ ይበልዎ፤ ባክቴሪያዎቹ የሠሩት ነው። የተሸበሸበ ነጭ ስስ ሽፋን ከሆነ ገፈው ይጣሉት፣ ጉዳት የለውም። አረንጓዴ ወይም ጥቁር ጸጉራም ሻጋታ ካዩ ግን ሁሉም ይደፋ።

ከአንድ እስከ ሁለት ወር ይወስዳል። የጠጅ ሽታው ጠፍቶ አፍንጫ የሚወጋ ኮምጣጣ ብቻ ሲቀር ደርሷል። ያኔ አጥልለው ጠርሙስ ሙሉ ያድርጉና ይክደኑ። አሁን መክደን ይቻላል፤ እንዲያውም ግዴታ ነው። ክፍት ከቆየ እነዚያው ባክቴሪያዎች የሠሩትን አሲድ መልሰው ይበሉትና ይልፈሰፈሳል።

ለሰላጣ፣ ለጠጣር ሥጋ ማለስለሻ፣ ለወጥ ቤት ጽዳት ይጠቀሙበት። ከበረኪና ጋር ግን በፍጹም አይቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ቃሪያና ካሮት ለወራት ከፍሪጅ ውጭ ለማቆየት ከሆነ አሲዱ 5 በመቶ የሚል የተጻፈበትን ከሱቅ ይግዙ። የቤቱ መጠን አይታወቅም፤ አሲዱ ካነሰ በተከደነ ዕቃ ውስጥ አደገኛ መርዝ የሚፈጥር ባክቴሪያ ሊያድግ ይችላል። ለመሸጥ ካሰቡም መጀመሪያ አሲዱን ያስለኩ።

ወደ ዶሮዎቹ ልምጣ። በ4 ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ አቼቶ መጨመር ይቻላል። መጠጫው ፕላስቲክ ይሁን፤ ቆርቆሮውን አሲዱ ይበላዋል። ጥቅሙ መጠጫው ቶሎ የሚያዳልጥ እድፍ እንዳይዝ ማገዝ ነው፤ መድኃኒት አይደለም። ፈንግል ከገባ አቼቶ አንዲት ዶሮ አያተርፍልዎትም፤ የሚያድነው አስቀድሞ የተሰጠ ክትባት ነው። ክትባቱ በሚጠጣ ውሃ የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ በዚያ ቀን አቼቶ የነካው ውሃ አያቅርቡላቸው። ክትባቱ ሕይወት ያለው ቫይረስ ነው፤ አሲዱ ሊገድለው ይችላል። መጠጫውንም ከዋዜማው በንጹህ ውሃ ብቻ ያለቅልቁት።