ትልቅ ጓጉንቸር ይበቃል ወይ?

ጥያቄ፦ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ከገባን ገና ነው። ሰሞኑን የጎረቤታችን በር በጠራራ ፀሐይ ተሰብሮ ዕቃ ተወሰደ። ባለቤቴ ትልቅ ጓጉንቸር እንግዛ ይላል። ይበቃል?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን እናንተ ጋ አልደረሰ። ጓጉንቸሩ ይቆይ። ከውጭ ሲንጠለጠል ቤት ውስጥ ሰው እንደሌለ ለሌባ ይናገራል።

መጀመሪያ ሲሊንደሩን፣ ማለትም የበሩን ቁልፍ የምትከቱበትን የመቆለፊያውን ክፍል፣ ቀይሩ። ቤቱ ሲሠራ ቁልፉ በስንት ሰው እጅ እንዳለፈ አይታወቅም። ስትገዙ ግን አደራ፣ የበሩን ውፍረት ለክታችሁ ሂዱ። ሲሊንደር መሀሉ ላይ ብሎን የሚገባበት ቀዳዳ አለው። ስስ ቦታው እሱ ነው። ጫፉ ከመያዣው ሽፋን 3 ሚሊ ሜትር በላይ ወጣ ካለ በፒንሳ ተይዞ እዚያው ላይ ቀንጠስ ይላል። ጣታችሁን አስኪዱበት፤ ከሽፋኑ እኩል መሆን አለበት። በብዙ በር ላይ ወጥቶ ሳየው ያንገበግበኛል።

ቀጥሎ ማጠፊያው። በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት ከሆነ ፒኑ ውጭ ነው የሚቀረው። ፒኑ ከተመታና ከወጣ ቁልፉ ምንም ቢጠነክር በሩ ይነቀላል። በያጅ ጠርታችሁ የፒኑን ጫፍ ነጥብ ነጥብ አስበይዱ። የቁልፉ ምላስ የሚገባበትንም የፍሬም ቀዳዳ በወፍራም ላሜራ አስደግፉ።

ማታ ግን ከውስጥ በጓጉንቸር አትቆልፉ። መስኮቱ ፍርግርግ ከሆነ፣ እሳት ቢነሳ መውጫችሁ በሩ ብቻ ነው። ልጆችም ሊከፍቱት የሚችሉት መቀርቀሪያ ይሻላል።