«ማን ነው ያገዘሽ?» ለተባላችሁ

ልጆቼ፣ እንደምን ከረማችሁ።

የሰው ፊት እየሳልኩ ሠላሳ ምናምን ዓመት ቆጥሬአለሁ። ጀማሪ ሳለሁ አንድ ሰውዬ ሥራዬ ፊት ቆሞ ትንሽ አየና «ማን ነው ያገዘሽ?» አለኝ። መልስ አጣሁ። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ያኔ የፈረንሳዊቷን ሠዓሊ የአደላይድ ላቢል-ጊያርን ታሪክ ባውቅ ኖሮ፣ ሰውዬውን ራሱን ወንበር ላይ አስቀምጬ እስለው ነበር።

አደላይድ በ1749 ፓሪስ ተወለደች (ዓመቱን በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው)። አባቷ ሠዓሊ ሳይሆን ባለሱቅ ነበር። ስለዚህ ሙያውን በየተራ ከተለያየ ሰው ለቀመችው፤ መጀመሪያ በእጅ የሚያዙ ትንንሽ የፊት ሥዕሎች፣ ቀጥሎ ፓስቴል (በደረቅ የቀለም ዘንግ የሚሳል)፣ በመጨረሻ የዘይት ቀለም። የዘይት ቀለም ያስተማራት ሠዓሊው ፍራንሷ-አንድሬ ቬንሳን ነው። ሥራዋ ሲያምር ከተማው ምን አለ መሰላችሁ? «እሱ ነው የሚነካካላት።»

አልተከራከረችም። የንጉሡን የሥዕል አካዳሚ አባላት አንድ በአንድ እየጋበዘች ሳለቻቸው። ቀራፂውን ኦጉስቴን ፓዡን ሸክላ ሲጠፈጥፍ የሳለችበት ፓስቴል ዛሬ ፓሪስ ሉቭር ሙዚየም ነው ያለው። ዘዴው ገባችሁ? ፊቷ ሰዓታት የተቀመጠ ሰው እጇ ሲሠራ በገዛ ዓይኑ አይቷል። ከዚያ በኋላ ማን ያማል! ግንቦት 31 ቀን 1783 አካዳሚው ተቀበላት፤ በዚያው ቀን ሌላዋ ሴት ሠዓሊ ኤሊዛቤት ቪጄ ለብሩንም ገባች። ሴት ከአራት እንዳይበልጥ ተወስኖ ስለነበር በእነሱ ኮታው ሞላ። ሁለቱን እንደ አውራ ዶሮ የሚያፋልሙ ጸሐፊዎች አሉ፤ እኔ አይጥመኝም።

በ1785 አደላይድ ራሷን ሳለች፤ አሁን ኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ይገኛል። ሰማያዊ ሳቲን ቀሚስ፣ ላባ ያለው ባርኔጣ፣ በእጇ ብሩሽ። በዚያ ልብስ ማንም ቀለም አይነካም! ግን ሐር እንዲህ መሳል የምትችል ሴት ናት ብሎ ደንበኛ እንዲመጣ ነው፤ እናንተም ሥራችሁን ስታሳዩ የሚከብደውን አሳዩ። ከኋላዋ ሁለት ሴት ተማሪዎቿ ቆመዋል። ኮታው ሞልቷል፣ እሷ ግን ሁለት ጨምራ መጣች ብዬ ነው የማነበው።

ስለ ገንዘብ ደግሞ ከቪጄ ለብሩን ተማሩ። የንግሥት ማሪ አንቷኔት ሠዓሊ ነበረች፤ የምታገኘውን ግን ሥዕል ነጋዴው ባሏ ይቀበልና ቁማር ይጫወትበት ነበር። በ1789 የፈረንሳይ አብዮት ሲነሳ ትንሽ ልጇን ይዛ ከፓሪስ ወጣች። ከዚያ ጣሊያን፣ ቪየና፣ ሴንት ፒተርስበርግ፤ አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ በብሩሿ ብቻ ኖረች። ክፍያችሁን በራሳችሁ እጅ ተቀበሉ። ወንድም ቢሆን፣ ባል ቢሆን።

አደላይድ ፓሪስ ቀረች። ዓመታት የለፋችበት ግዙፍ ሥዕል የንጉሡ ወንድም ስላለበት በ1793 እንዲቃጠል ታዘዘ። ይህን ሳስብ ሆዴ ይባባል፤ ምክርም የለኝም። እሷ ግን መሳል አላቆመችም። ሴት ተማሪዎች ስላሏት አይሆንም ተብሎ የተከለከለችውን፣ ያኔ ሠዓሊዎች ይኖሩበት በነበረው በሉቭር ቤተ መንግሥት ውስጥ መኖሪያና ስቱዲዮም በ1795 አገኘች። በዚያ በ1785ቱ ሸራ ከኋላዋ ከቆሙት አንዷ፣ ማሪ-ጋብሪኤል ካፔ፣ አብራት ኖረች።